በጂ አይ ቢል ፎቶግራፍ ለመማር ኮሌጅ እንዴት ይመረጣል? ለቀድሞ የአሜሪካ ሠራዊት አባላት የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

ሜሪላንድ የሚኖር አንድ የማውቀው ወጣት አለ። በዲቪ መጥቶ፣ አራት ዓመት በአሜሪካ ጦር ሠራዊት አገልግሎ፣ ሲሰናበት ፎቶግራፍ ለመማር ቆረጠ። ምክር ፈልጎ ሲደውልልኝ ግን ተመዝግቦ፣ ፈርሞ፣ አንድ መንፈቅ ዓመት ተምሮ ነበር። አንድ የግል የሥነ ጥበብ ኮሌጅ «ለቀድሞ ወታደሮች ምቹ» የሚል ጽሑፍ በድረ ገጹ ላይ ለጥፎ አይቶ በሦስት ቀን ውስጥ ገባበት። በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት የብዙ ሺህ ዶላር የክፍያ መጠየቂያ በፖስታ መጣለት። ጂ አይ ቢል የተባለው የመንግሥት የትምህርት ድጋፍ ለዓመቱ የተወሰነለት ጣሪያ ላይ ደርሶ አብቅቷል፤ ቀሪውን ይሸፍናል የተባለው ተጨማሪ ድጋፍ ደግሞ ቦታው ቀድሞ ሞልቷል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት ይኸው ነው።

እኔም የደንብ ልብሴን አውልቄ ካሜራ ያነሣሁ ሰው ነኝና ያ ስልክ ከአእምሮዬ አልወጣም። ይህን መመሪያ የምጽፈው ቀጣዩ ሰው ከመፈረሙ በፊት እንዲያነበው ነው። የምጠቅሳቸው ቀኖች፣ ወራትና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. ከኮሌጁ በፊት ወራትዎን ይቁጠሩ

ከመስከረም 11 ቀን 2001 በኋላ ላገለገሉ የሚሰጠው ጂ አይ ቢል የሚቆጠረው በወር ነው። ሙሉው መብት 36 ወር ነው። የትምህርት ዓመት ዘጠኝ ወር ያህል ስለሆነ ይህ ለአራት የትምህርት ዓመታት ይበቃል። የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት፣ ሁላችንም ቪ ኤ የምንለው፣ በዓመት አራት ሺህ ዶላርም ከፈለልዎ ሠላሳ ሺህ የሚቆረጥብዎ ወር እኩል ነው። ኮሌጅ ሲያወዳድሩ ይህን አንድ ነገር ከያዙ ብዙው ጥያቄ ራሱን ይመልሳል።

በመጀመሪያ ዲዲ 214 የተባለውን የመሰናበቻ ሰነድዎን አውጥተው የአገልግሎት ጊዜዎን ይመልከቱ። 36 ወር ንቁ አገልግሎት ያለው የድጋፉን 100 በመቶ ያገኛል። 90 ቀን ብቻ ያገለገለ 50 በመቶ ያገኛል፤ በመካከሉ ያለው በደረጃ ከፍ እያለ ይሄዳል። በውጊያ ለቆሰሉ የሚሰጠውን የፐርፕል ኸርት ሜዳልያ የተሸለመ የጊዜው መጠን ሳይታይ 100 በመቶ አለው። የሪዘርቭ ወይም የናሽናል ጋርድ አባል ከነበሩ በወር አንድ ጊዜ ቅዳሜና እሑድ የሚደረገው ልምምድ እንደማይቆጠር ይወቁ። ከጥር 1 ቀን 2013 ጀምሮ የተሰናበተ ሰው መብቱ ጊዜ አያልፍበትም፤ ከዚያ በፊት የተሰናበተው ግን 15 ዓመት ብቻ ነው ያለው።

ከዚያ በቪ ኤ ድረ ገጽ ላይ 22-1990 የተባለውን ቅጽ ሞልተው የመብት ማረጋገጫ ደብዳቤ ያስመጡ። ደብዳቤው መቶኛዎንና የቀረዎትን ወር በግልጽ ይነግርዎታል። እሱ እጅዎ ሳይገባ ከማንም ኮሌጅ ቅበላ ክፍል ጋር ስለ ገንዘብ አይነጋገሩ።

ከአገልግሎት ጋር በተያያዘ ጉዳት ቢያንስ 10 በመቶ የተመዘኑ ከሆነ ደግሞ ሌላ በር አለ። ምዕራፍ 31 የሚባለው የሙያ ማቋቋሚያ ፕሮግራም ክፍያውን፣ መጻሕፍቱንና ትምህርቱ ግድ የሚላቸውን መሣሪያዎች ሊሸፍን ይችላል። ለፎቶግራፍ ተማሪ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ምክንያቱም ጂ አይ ቢል ለመጻሕፍትና ለዕቃ የሚሰጠው በዓመት ቢበዛ 1,000 ዶላር ሲሆን፣ በዚህ ዋጋ አንድ ደኅና ሌንስ እንኳ ላይገኝ ይችላል። ነገር ግን የሚመደብልዎ አማካሪ «በዚህ ሙያ እንጀራ ይበላሉ ወይ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። «ፎቶ እወዳለሁ» የሚል መልስ አያጠግበውም። በሚኖሩበት አካባቢ የወጡ የሥራ ማስታወቂያዎችን፣ የሆስፒታልና የመንግሥት መሥሪያ ቤት ፎቶ አንሺዎችን የደመወዝ መጠን፣ ለሠርግ የሠሩትን ሥራ ደረሰኝ ሰብስበው ይሂዱ።

2. የትኛውን ፎቶግራፍ?

«ፎቶግራፍ መማር» አንድ ነገር አይደለም። የምርት ማስታወቂያ ወይም የሠርግ ሥራ ለሚፈልግ ሰው በኮሚኒቲ ኮሌጅ የሚሰጠው የሁለት ዓመት የሙያ ዲግሪ ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ የስቱዲዮ መብራት፣ የቀለም እርማት፣ የደንበኛ ውል ያስተምራሉ። የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚኒቲ ኮሌጅና በካሊፎርኒያ የሚገኘው ሳንታ ሞኒካ ኮሌጅ በዚህ መንገድ ያስተምራሉ፤ የመጀመሪያው ደግሞ ብዙ ወገኖቻችን ከሚኖሩበት ሠፈር ብዙም አይርቅም። ዜና ፎቶ የሚማርካቸው በጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት ውስጥ ያለ ክፍል ይፈልጉ። የሲራኪዩስ ዩኒቨርሲቲ የጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት ለብዙ አሥርት ዓመታት የሠራዊቱን ፎቶ አንሺዎች ሲያሠለጥን የኖረ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው በ2011 ለቀድሞ ወታደሮችና ለቤተሰቦቻቸው ራሱን የቻለ ተቋም መሥርቷል። የካሜራውን ሳይንስ፣ የሕትመቱን ኬሚስትሪ፣ የሕክምና ፎቶን የሚሹ ደግሞ የኮዳክ ከተማ በሆነችው በሮቸስተር ያለውን የቴክኖሎጂ ተቋም ይመልከቱ። ማስተማር ወይም የጥበብ ሥራ ማሳየት ከፈለጉ የአራት ዓመቱ የሥነ ጥበብ ዲግሪ ይሻላል።

ካልወሰኑ በኮሚኒቲ ኮሌጅ ቢጀምሩ ደስ ይለኛል። ፋፍሳ የተባለውን የፌደራል የትምህርት ድጋፍ ማመልከቻ ይሙሉ፤ ገቢዎ ዝቅተኛ ከሆነ የሚሰጠው ፔል ግራንት በጂ አይ ቢል ምክንያት አይቀነስም። ብዙ ወገኖቻችን «እኔ ጂ አይ ቢል አለኝ» ብለው ይህን ሳይሞሉ ይቀራሉ፤ በየዓመቱ የሚያጡት ገንዘብ ያሳዝናል። የኮሚኒቲ ኮሌጁ ክፍያ በፔል ግራንት ብቻ የሚያልቅ ከሆነና የሥራ ገቢ ካለዎት ደግሞ ወራትዎን ለኋለኛው ውድ ትምህርት ቤት ማቆየት ይችላሉ። ይህን የምመክረው ግን ጂ አይ ቢል ለተማሪው በየወሩ የሚሰጠው የቤት አበል ሳይኖር ኪራይ መክፈል ለሚችል ብቻ ነው።

3. የኮሌጁን ዕድሜና ጤና ይመርምሩ

ጂ አይ ቢልና ፎቶግራፍ አብረው ያደጉ ናቸው። ሕጉ በሰኔ 1944 ሲወጣ ከጦርነት የተመለሱ ወጣቶች የፎቶግራፍ ክፍሎችን ሞሉ። ታዋቂው ፎቶ አንሺ አንሰል አዳምስ በ1945 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ በመሠረተው የፎቶግራፍ ክፍል ብዙዎቹ ተማሪዎች በዚህ ገንዘብ የሚማሩ ወታደሮች ነበሩ፤ በማግስቱ ዓመት መጥቶ ያስተማራቸው ፎቶ አንሺው ማይነር ኋይትም ራሱ ከጦርነቱ የተመለሰ ሰው ነበር። በዚያው በ1945 ሳንታ ባርባራ ላይ ብሩክስ የተባለው የፎቶግራፍ ትምህርት ቤት ተከፈተ።

ዛሬ ሁለቱም የሉም። ብሩክስ በ2016 ተዘጋ። አዳምስ ያስተማረበት፣ በኋላ የሳን ፍራንሲስኮ አርት ኢንስቲትዩት የተባለው፣ ማስተማር ያቆመው በ2022 ነው። በመስከረም 2023 መጨረሻ ደግሞ አርት ኢንስቲትዩትስ በሚል ስም ይሠሩ የነበሩት የመጨረሻዎቹ ስምንት ካምፓሶች በአንድ ቀን ተዘጉ፤ ተማሪዎቹ የሰሙት ሊዘጋ አንድ ሳምንት ገደማ ሲቀረው ነበር። የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ለማስተዳደር ውድ ነው፣ ተማሪው ትንሽ ነው፣ ሲዘጋም ቀድሞ አይነግርዎትም። ኮሌጅ ሲዘጋ ቪ ኤ የባከነውን ወር የሚመልስበት ሕግ አለ፤ የባከነውን ዕድሜ ግን የሚመልስ የለም።

ስለዚህ የቪ ኤ የኮሌጅ ማወዳደሪያ ገጽ ይክፈቱና የኮሌጁን ስም ያስገቡ። ስንት ተማሪ በጂ አይ ቢል እንደሚማርበት፣ ምን ያህል ቅሬታ እንደቀረበበት፣ የማስጠንቀቂያ ምልክት እንዳለበት፣ የቀድሞ ወታደሮች ማኅበር እንዳለው ያሳያል። ማስጠንቀቂያ ካየሁ እኔ ገጹን ዘግቼ ወደሚቀጥለው እሄዳለሁ፤ ሌላ ትምህርት ቤት ሞልቷል። ለትርፍ የሚሠሩ ኮሌጆች ላይ በተለይ ይጠንቀቁ። ለብዙ ዓመታት ከገቢያቸው ቢያንስ 10 በመቶው ከፌደራል ትምህርት ድጋፍ ውጭ እንዲመጣ ሕግ ያስገድዳቸው ነበር፤ የጂ አይ ቢል ገንዘብ ደግሞ «ከድጋፍ ውጭ» ተብሎ ይቆጠርላቸው ስለነበር ወታደር ሲያዩ ይሽቀዳደሙ ነበር። ቀዳዳው በ2021 በወጣው ሕግ ተደፍኖ ከ2023 ጀምሮ ተግባራዊ ሆኗል፤ ቢሆንም በቀን ሦስት ጊዜ የሚደውልልዎ የቅበላ ሠራተኛ ካለ የሚፈልገው እርስዎን መሆኑን ይጠራጠሩ።

4. ሂሳቡን በወረቀት ላይ ይሥሩ

በመንግሥት ኮሌጅ ሙሉ መብት ያለው ሰው የነዋሪ ክፍያው፣ ማለትም ኮሌጁ ለግዛቱ ነዋሪዎች የሚያስከፍለው ዝቅተኛ ዋጋ፣ በሙሉ ይሸፈንለታል። ከነሐሴ 2021 ወዲህ ደግሞ ከተሰናበቱ ስንት ዓመት እንደሆነዎት ሳይታይ፣ በሚማሩበት ግዛት እስከኖሩ ድረስ የመንግሥት ኮሌጆች በጂ አይ ቢል የሚማረውን ሰው የሚያስከፍሉት የነዋሪ ዋጋ ነው። ከቨርጂኒያ ወደ ካሊፎርኒያ መሄድ ቢያምርዎ ይህ በር ክፍት ነው።

የግል ኮሌጅ ጣሪያ አለው፤ ለ2025-26 የትምህርት ዓመት ከ29,900 ዶላር ትንሽ ይበልጣል። ከዚያ በላይ ያለውን የሎው ሪበን የተባለው ፕሮግራም ሊሸፍን ይችላል፤ ኮሌጁ የተወሰነ ያወጣል፣ ቪ ኤ ያንኑ ያህል ይጨምራል። የኛ ወጣት የወደቀው እዚህ ላይ ነው። ፕሮግራሙ በአጠቃላይ 100 በመቶ መብት ላላቸው ነው። ብዙ ኮሌጆች የሰው ቁጥር ይወስናሉ፤ የገንዘቡም መጠን ከክፍል ክፍል ይለያያል፤ ለምህንድስናው የተፈቀደው ለሥነ ጥበቡ ላይሆን ይችላል። «የሎው ሪበን አላችሁ?» ብለው አይጠይቁ። «በፎቶግራፍ ክፍል፣ በዚህ ዓመት፣ ለስንት ሰው፣ ስንት ዶላር፣ አሁን ስንት ቦታ ቀርቷል?» ብለው ይጠይቁና መልሱን በኢሜይል ይቀበሉ።

የቤት አበሉን በጥንቃቄ ያስሉ። መጠኑ የሚወሰነው በሚኖሩበት ሳይሆን በሚማሩበት ካምፓስ ፖስታ ኮድ ነው። ከሙሉ ጊዜ ግማሽ በላይ መማር አለብዎት። ትምህርቱ በሙሉ በኢንተርኔት ከሆነ የሚያገኙት የአገሪቱን አማካይ ግማሽ ነው፤ አንድ ኮርስ እንኳ በአካል ቢወስዱ ሂሳቡ ወደ ካምፓሱ መጠን ይመለሳል። በመንፈቅ ዓመቶቹ መካከል አበል የለም። ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ትምህርት ሲዘጋ አበሉም አብሮ ስለሚቆም የጥር ኪራይ ከመስከረም ጀምሮ ተቆጥቦ መቀመጥ አለበት። አንድ ኮርስ በመሀል ካቋረጡ ደግሞ ቪ ኤ የከፈለውን ገንዘብ ከእርስዎ ሊጠይቅ ይችላል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ 6 ክሬዲት ድረስ የሚታለፍበት ሥርዓት አለ እንጂ ሁልጊዜ ምሕረት የለም።

5. ሄደው በዓይንዎ ይዩ፤ ሦስት ሰዎችን ያነጋግሩ

ከሁሉ በላይ የምለምንዎት ይህን ደረጃ እንዳይዘሉት ነው። የቅበላው ክፍል በሚያዘጋጀው ጉብኝት ብቻ አይሂዱ፤ በራስዎ ቀን ይሂዱ። ይሉኝታዎን በር ላይ ይተዉት። እኛ ጥያቄ ማብዛት ነውር እየመሰለን ያደግን ነን፤ እዚህ ግን የማይጠይቅ ሰው ከፋይ ነው።

መጀመሪያ ምዝገባዎን ለቪ ኤ የሚያረጋግጠውን ሠራተኛ ያግኙ። እሱ ካላስተላለፈ አበልዎ አይመጣም። ስንት ተማሪ እንደሚያስተናግድ፣ ሥራው ይህ ብቻ መሆኑን፣ በዓል ሲሆን የሚተካው ማን እንደሆነ ይጠይቁት። የቪ ኤ ክፍያ ቢዘገይ ኮሌጁ እስከ 90 ቀን ድረስ ቅጣት ሊጥልብዎ ወይም ከክፍል ሊያግድዎ እንደማይችል በ2018 የወጣ ሕግ አለ፤ ይህን ሲጠቅሱለት ፊቱን ያንብቡ። ሕጉን የሚያውቅ ሰው ወዲያው ያብራራልዎታል። ለዲግሪዎ የማያስፈልግ ኮርስ ቪ ኤ እንደማይከፍልም ያስታውሱና የፎቶግራፉን ኮርሶች ዝርዝር ከፊቱ ዘርግተው የትኞቹ እንደሚረጋገጡ አንድ በአንድ ያስጠቁሙት።

ሁለተኛው ካሜራ የሚያውሰው ሰው ነው። ፎቶግራፍ የሚያስተምሩ ብዙ ኮሌጆች የዕቃ ማዋሻ መስኮት አላቸው። ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ወደ አሥር ሰዓት ገደማ፣ ሄደው ራቅ ብለው ይቁሙ። ቅዳሜና እሑድ ሊሠሩ የሚፈልጉ ተማሪዎች የሚሰለፉት ያኔ ነው። ሰልፉ መተላለፊያውን ሞልቶ ወደ ኋላ ያሉት ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ ወይስ ሁሉም ይዞ ይሄዳል? ትራይፖዱ ሦስቱም እግሮቹ ይቆለፋሉ? የካሜራው ማንገቻ ላይ ቁጥር የተጻፈበት ፕላስተር ተለጥፎ፣ የሌንሱ ክዳን በክር ታስሮ ካዩ ያንን ክፍል የሚጠብቅ ሰው አለ ማለት ነው። ዕቃው ቢጠፋ ማን እንደሚከፍል፣ ለስንት ቀን እንደሚሰጥ፣ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ መካከለኛ መጠን ፊልም የሚያነሣውን ካሜራ መውሰድ ይችል እንደሆነ ይጠይቁ። የማተሚያ ቀለምና ወረቀት ከኪስ ከሆነ በዓመት ስንት እንደሚደርስ ነባር ተማሪ ይነግርዎታል። እኔ በበኩሌ ካሜራ ሳልገዛ ሁለት ዓመት የተማርኩት በእንዲህ ዓይነቱ መስኮት ነው።

ሦስተኛው መምህሩ ነው፤ እሱን የሚያውቁት ግን ሥራ ሲገመገም ቁጭ ብለው ሲያዩ ነው። እንዲያስገቡዎት ያስፈቅዱ፤ ደኅና ክፍል አይከለክልም። ተማሪው ያተማቸውን አሥር ፎቶዎች በማግኔት ግድግዳው ላይ ይሰቅላል፣ ክፍሉ ዝም ይላል፣ ከዚያ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሆናቸው ልጆች መናገር ይጀምራሉ። እርስዎ ሠላሳ አምስት ነዎት እንበል፤ ከግድግዳው ላይ ያለው ደግሞ ያገለገሉበት ቦታ ወይም ያጡት ጓደኛ ነው። መምህሩ ንግግሩን ወደ ፎቶው ይመልሰዋል ወይስ «ሰው ገድለህ ታውቃለህ?» የሚል ጥያቄ ሲመጣ ዝም ይላል? ለእኔ የኮሌጅ «ምቹነት» የሚለካው በዚያች ደቂቃ ነው። ወታደር ስለሆኑ ብቻ የጦርነት ፎቶ እንዲያነሡ የሚገፋፋ መምህርም አለ። የእናቴን የቡና ረከቦት ማንሣት እፈልጋለሁ ካሉ ያንኑ በቁም ነገር የሚይዝ ሰው ይፈልጉ።

የጨለማውን ክፍልም ይግቡበት። ብዙ ቦታ መግቢያው ብርሃን እንዳያስገባ የሚሽከረከር ጥቁር በርሜል መሰል በር ነው፤ ውስጡ ጠባብ ነው፣ ለሁለት ሦስት ሰከንድ ምንም አይታይም። አብሮኝ የተማረ አንድ የቀድሞ ወታደር ያንን በር ማለፍ አልቻለም ነበር፤ በሁለተኛው ሳምንት እጄን ይዞ ሞከረ፣ ላብ አጠመቀውና ተመለሰ። የአካል ጉዳተኞች አገልግሎት ክፍል ከመምህሩ ጋር ተነጋግሮ በመጋረጃ በሚዘጋ ሌላ ክፍል እንዲሠራ አደረገ። የመጀመሪያዋ ፎቶ በመድኃኒቱ ሳሕን ውስጥ ቀስ በቀስ ስትወጣ፣ መጀመሪያ ጥላው፣ ቀጥሎ ፊቱ፣ በቀዩ መብራት ሥር ሲያያት የነበረው ሁኔታ አይረሳኝም። የስቱዲዮ ብልጭታ፣ ድንገተኛ ድምፅ ወይም ጨለማ የሚከብድዎ ከሆነ ይህን አስቀድመው ይጠይቁ። የጆሮ መድከም ካለብዎም የክፍሉን አቀማመጥ ይዩ።

6. የቀድሞ ትምህርትዎን ያስቆጥሩ

የሠራዊቱ ሥልጠና በክሬዲት ሊቆጠር ይችላል። ምድር ጦር፣ ባሕር ኃይል፣ ማሪን ወይም ኮስት ጋርድ ከነበሩ ጆይንት ሰርቪስስ ትራንስክሪፕት የተባለውን ማስረጃ ያለ ክፍያ ወደ ኮሌጁ ያስልኩ፤ የአየር ኃይል አባላት ከራሱ ከአየር ኃይሉ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ያገኛሉ። ሜሪላንድ ፎርት ሚድ ባለው፣ የሠራዊቱን ጋዜጠኞችና ፎቶ አንሺዎች በሚያሠለጥነው የመከላከያ መረጃ ትምህርት ቤት ፎቶግራፍ የሠለጠኑ ከሆነ ብዙ ሊቆጠርልዎ ይችላል። ኢትዮጵያ ውስጥ ዩኒቨርሲቲ ከተማሩ ደግሞ የውጭ ማስረጃ በሚመዝን ድርጅት አስገምግመው ይያዙ፤ የሒሳብና የታሪክ ኮርሶች ቢያልፉ ወራት ይተርፍዎታል። ለፎቶግራፉ መሠረታዊ ኮርስ ግን ነጻ ቢወጡም እኔ አልዘለውም፤ ፖርትፎሊዮ የሚገነባው እዚያ ነው፣ የሚያውቁዎትም ሰዎች እዚያ ናቸው።

7. ከመፈረምዎ በፊትና በኋላ

ሦስት ኮሌጅ ይያዙ፤ አንዱ የመንግሥት ይሁን። ከእያንዳንዱ የጠቅላላ ወጪ ዝርዝር በጽሑፍ ይቀበሉ። የላብራቶሪና የዕቃ ክፍያው ተለይቶ ይጻፍ። የመብት ማረጋገጫ ደብዳቤውን ለአረጋጋጩ ሠራተኛ ሰጥተው መቀበሉን በኢሜይል ያስመልሱት። ትምህርት ከተጀመረ በኋላ በየወሩ መጨረሻ መማርዎን ለቪ ኤ በስልክ መልእክት ወይም በኢሜይል ማረጋገጥ አለብዎት፤ ሁለት ወር በተከታታይ ካለፈ የቤት አበሉ ይቆማል።

ያ ወጣት ከግል ኮሌጁ ወጥቶ ወደ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ተዛወረ፤ ዕዳውን በየወሩ እየቀነሰ ነው። ባለፈው ዓርብ ዕቃ ማዋሻው ሰልፍ ላይ አገኘሁት፤ ቁጥር 14 የተጻፈበት ካሜራ አንገቱ ላይ አንጠልጥሏል። እያወራን ስልኩ ጮኸ። የወሩ መልእክት ነበር፤ ይቅርታ ጠይቆኝ «አዎ» ብሎ መለሰና ወሬያችንን ቀጠልን።